ከፍ ያለውን ትምህርት መቼ ይጀምሩ?

(በሰሜን አሜሪካ ከሚገኙት አጥቢያዎች በአንዱ፣ ለወላጆችና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የውይይት መርሐ ግብር ላይ አንድ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ያደረጉት ንግግር)



ባለፈው ጥር ወር ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት በአዳራሹ በር ላይ አስቁመው አንድ ወረቀት አሳዩኝ። ወንድ ልጃቸው በመጪው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ይገባል፤ ወረቀቱም የሚማራቸውን ትምህርቶች የሚመርጥበት ቅጽ ነበር። ልጁ «ኤፒ» ከሚባሉት ትምህርቶች ሁለቱን መርጧል። የጎረቤት ልጅ ሦስት መምረጡን ሰምተዋልና «አንድ ይጨመርለት ወይስ ይበቃዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቅጹ የሚመለሰው በማግሥቱ ነው። ኤፒ ምን እንደ ሆነ ግን እርሳቸውም አያውቁም፤ ልጁም በውል አላስረዳቸውም። ይህን የምናገረው እርሳቸውን ለመንቀፍ አይደለም። እኔ መምህር ሆኜ ሳለሁ በገዛ ልጄ ላይ ከዚህ የከፋ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ወደ እርሱም እመለሳለሁ።

ኤፒ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት የሚመራው፣ የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርትን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሥርዓት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ሲቋቋም የታሰበው ትምህርት ቤቱን ሊጨርሱ ለተቃረቡ ብርቱ ተማሪዎች ነበር፤ የሚያውቁትን ነገር ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዳይደግሙት ነው። ዛሬ ግን እስከ ዘጠነኛ ክፍል ወርዷል። በዘጠነኛ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሂውማን ጂኦግራፊ ነው፤ በዐሥረኛ ክፍል ደግሞ የዓለም ታሪክ። የሂውማን ጂኦግራፊ ተማሪ በሜይ ወር ለፈተና ሲቀመጥ 60 የምርጫ ጥያቄዎችን በ60 ደቂቃ ይሠራል፤ ቀጥሎም 3 የጽሑፍ ጥያቄዎችን በ75 ደቂቃ ይመልሳል። ዕድሜው 14 ወይም 15 ነው።

በዚህ ላይ ወላጆች ሁልጊዜ የሚያደባልቋቸው ሁለት ውጤቶች አሉ። አንደኛው ተማሪው ዓመቱን ሙሉ በክፍል ውስጥ የሚያገኘው ውጤት ነው፤ በትምህርት መዝገቡ ላይ የሚሰፍረውና ዩኒቨርሲቲዎች የሚያዩት ይህ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች በአማካይ ነጥብ ስሌት ላይ ግማሽ ወይም አንድ ነጥብ ይጨምሩለታል። ሁለተኛው ከ1 እስከ 5 የሚሰጠው የሜይ ፈተና ውጤት ነው፤ እርሱም በዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ለማግኘት ያገለግላል። ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለ3 ወይም ለ4 ክሬዲት ይሰጣሉ፤ ለ5 ብቻ የሚሰጡም፣ ጭርሱን የማይሰጡም አሉ። ዳርትማውዝ ኮሌጅ ለምሳሌ በ2014 ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ መስጠቱን አቁሟል። እንግዲህ «ኤፒ ከወሰደ የኮሌጅ ክፍያ ይቀንስልናል» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ልጁ በሚገባበት ተቋምና በሚያመጣው ነጥብ ላይ ነው።

የምንቸኩልበትን ምክንያት በሚገባ አውቀዋለሁ። በሀገራችን ያደግን ሰዎች ዕጣችን የተለየው በአንድ ብሔራዊ ፈተና ነው። ለዚያች ቀን ቀድሞ የተዘጋጀ ያልፋል፤ የዘገየ ይቀራል። እዚህ ያለው አሠራር ግን ሌላ ነው። የአራቱ ዓመት መዝገብ በሙሉ ይነበባል፤ ስለዚህ ቀድሞ መውጣት እንደሚጠቅም ሁሉ ቀድሞ መውደቅም ከመዝገቡ አይፋቅም። አንዳንድ ጊዜም ቀድሞ መጀመሩ የታሰበውን ጥቅም አያስገኝም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተቋማት የአመልካቹን አማካይ ነጥብ የሚያሰሉት ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ እስከ ዐሥራ አንደኛ ክፍል መጨረሻ ከተወሰዱት ትምህርቶች ነው። በሎስ አንጀለስ ያለ ልጅ በዘጠነኛ ክፍል ኤፒ ቢወስድ ለዚያ ስሌት ምንም ነጥብ አይጨመርለትም። ይህን የሚያውቅ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ብዙ መምህራንም አያውቁትም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። የበኩር ልጄ ዐሥረኛ ክፍል ሲገባ ሦስት ኤፒ እንዲወስድ ፈረምኩ። «ፈረምኩ» የምለው እኔው ስለ መረጥኩለት ነው። መምህር ነኝና አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፤ ከሥራ ባልደረቦቼ ፊት ስለ እርሱ መናገርም ደስ ይለኝ ነበር። እስከ ኅዳር ድረስ ሁሉ ነገር ደኅና መሰለኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ መብራቱ ሲበራ እያየሁ «ጎበዝ» እል ነበር። ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተውን ኳስ ተወ፤ ቀጥሎም መዝሙር ጥናቱን ተወ። በየካቲት ወር የኬሚስትሪ መምህሩ ጠርተውኝ የቤት ሥራውን ከጓደኛው እየገለበጠ ሲያስረክብ መቆየቱን ነገሩኝ። ቤት ገብቼ ተቆጣሁ። እርሱ ግን አላለቀሰም፤ አልተከራከረም። «አባዬ፣ አንተ እኮ እችል እንደ ሆነ አልጠየቅኸኝም» አለኝ። ከሦስቱ ሁለቱን አቋረጠ፤ ጊዜው አልፎ ስለ ነበር ማቋረጡ በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ቀረ። እናቴ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትል ነበር፤ እኔ ግን የልጄን መቀነት ራሴ እያሯሯጥኩ ነው ያሰርኩት።

ይህን ሰምታችሁ «እንግዲያው ከፍ ያለው ትምህርት ይቅርብን» እንዳትሉ እሰጋለሁ፤ ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን በደልም በቤቴ አይቼዋለሁና። የእኅቴ ልጅ በ15 ዓመቷ ከአዲስ አበባ መጣች። በሒሳብ ከክፍሏ ቀዳሚ ነበረች። የተመደበችበት ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ችሎታዋን ፈትኖ፣ በሒሳብም ወደ መጀመሪያው የአልጀብራ ክፍል መደባት። ከዓመታት በፊት የጨረሰችውን እንደ ገና ትማር ጀመር። ማንም ክፉ አላሰበባትም፤ ማንም ግን አልጠየቃትም። እርሷም እንግዳ ስለ ነበረች ዝም አለች፤ እኛም «ቀስ ብላ ትልመድ» አልን። በሁለተኛው መንፈቅ ከሀገር ቤት ያመጣችውን የውጤት ወረቀት አስተርጉመን ይዘን ሄድን፤ የሒሳብ ምደባ ፈተና እንዲሰጣትም በጽሑፍ ጠየቅን። ፈተናውን አልፋ ተዛወረች። እንግሊዝኛ ገና አለመጥራቱ ሒሳብ አለማወቅ አይደለም። በዚህ አጥቢያ ባለፉት ሦስት ዓመታት የመጡ ልጆች ያሏችሁ ሁሉ ይህን ነገር መርምሩ።

ሒሳብን ያነሣሁት ሙያዬ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በሌሎቹ ትምህርቶች መዘግየት ይቻላል፤ በዐሥራ አንደኛ ክፍል ታሪክን በኤፒ ለመማር በዘጠነኛ ክፍል ኤፒ መውሰድ ግዴታ አይደለም። ሒሳብ ግን መሰላል ነው። በተለመደው ቅደም ተከተል አልጀብራ አንድ፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ ሁለት፣ ቅድመ ካልኩለስ፣ ከዚያም ካልኩለስ ይመጣል። በስምንተኛ ክፍል አልጀብራ አንድን የጀመረ ልጅ በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ካልኩለስ ይደርሳል፤ በዘጠነኛ የጀመረ ግን ቅድመ ካልኩለስ ላይ ትምህርት ቤቱን ይጨርሳል። ምሕንድስና ለሚያስብ ልጅ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ውሳኔው ደግሞ የሚደረገው በስድስተኛና በሰባተኛ ክፍል፣ እኛ ስለ ዩኒቨርሲቲ ማሰብ ሳንጀምር ነው። ያመለጠው ልጅ ጂኦሜትሪንና አልጀብራ ሁለትን በአንድ ዓመት ጎን ለጎን ሊወስድ ይችላል፤ ወይም በክረምት አንዱን ይጨርሳል። ይህም ቢሆን ለሚችልና ለሚወድ ልጅ እንጂ ለሁሉም አይደለም።

ታዲያ ይችል እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ያለፈው ዓመት ውጤት ጥቂት ይናገራል፤ ከእርሱ ይልቅ እኔ የማምነው ንባብን ነው። የትምህርቱን መጽሐፍ ከትምህርት ቤቱ ተዋሱና ልጁ አንድ ምዕራፍ ስልኩን አርቆ ያንብብ። ከዚያ ምን እንዳነበበ በአማርኛ ይንገራችሁ። እናንተ ትምህርቱን ማወቅ አያስፈልጋችሁም፤ ገብቶት እየተናገረ መሆኑንና አለመሆኑን ከዓይኑ ታያላችሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደከመውና ካስጠላው፣ በዓመት ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ያህል እንዲህ ማድረግ ይጠበቅበታል። ሌላው ነገር ሰዓት ነው። በቤታችን ያሉ ብዙ ልጆች ወላጆቻቸው ሌሊት ስለሚሠሩ ታናናሾቻቸውን ያሳድራሉ። ይህ ሥራ በትምህርት መምረጫው ቅጽ ላይ አይጻፍም፤ ጉልበቱ ግን ከዚያው ከልጁ ነው የሚወጣው። ለጀማሪ አንድ ኤፒ፣ እርሱም ልጁ ሳይታዘዝ የሚያነበው ዓይነት ትምህርት፣ የእኔ ምክር ነው። በዚህ የማይስማሙ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ።

ለአባቶች ካህናት አንድ ጉዳይ ላንሣ። የ2016 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ቀን ዋለ፤ በዚህ ሀገር አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 2024 ነበር። የኤፒ ፈተናዎች የተጀመሩት በማግሥቱ ሰኞ ነው። ዐርብ ሲሰግዱ ውለው፣ ቅዳሜ ሌሊቱን ቆመው ያደሩ ልጆች ሰኞ ጠዋት ለፈተና ተቀመጡ። ሌሎች ደግሞ ለማጥናት ሲሉ ከስቅለት ቀሩ፤ ለምን እንደ ቀሩም ለማንም አልተናገሩም። በ2019 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ቀን፣ ማለትም ሜይ 2 ቀን 2027 ይውላል፤ የፈተናው ወቅትም ያው የሜይ መጀመሪያ ነው። ለሃይማኖት በዓል ሲባል ያለ ተጨማሪ ክፍያ በተለዋጭ ቀን መፈተን የሚፈቀድ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። ጥያቄው የሚቀርበው ለትምህርት ቤቱ የኤፒ አስተባባሪ ነው፤ የደብሩ አጭር ደብዳቤ ቢታከልበት ልጁ ብቻውን ከማስረዳት ይድናል። ፈተናው ከመድረሱ ከወራት በፊት እንጂ በሰሙነ ሕማማት የሚጻፍ ደብዳቤ አይሁን።

በሩ ላይ ያስቆሙኝን እናት ጉዳይ ልጨርስ። ልጁ በአዳራሹ ወንበር ሲደረድር ነበርና ጠራነው። ለምን እነዚያን ሁለቱን እንደ መረጠ ጠየቅሁት። ጂኦግራፊውን ካርታ ስለሚወድ፣ ሌላውን ጓደኛው ስለ መረጠው መሆኑን ነገረኝ። እናቱ ፈገግ አሉና እርሳስ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡት። ሁለተኛውን ራሱ ሰረዘው።

ለሰበካ ጉባኤው የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። ቅጾቹ ከየትምህርት ቤቱ የሚመጡት በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ነው። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ወላጆችና ልጆች ቅጻቸውን ይዘው አብረው የሚቀመጡበት አንድ ሰዓት ይፈቀድልን። በዩኒቨርሲቲ ያሉት ወጣቶቻችን ለመርዳት ፈቃደኞች መሆናቸውን ነግረውኛል፤ እኔም እገኛለሁ። ከአዳራሹ የምንፈልገው ሁለት ጠረጴዛና ጥቂት ወንበሮች ብቻ ነው።