አያት ከሞቱ በኋላ የሚውል ገና

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንዳደርግ በታዘዝሁ ጊዜ ስለ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አሰብሁ። ጓደኞቼ ስለ ሳይንስ፥ ስለ ስፖርትና ስለ አገር ልማት መልካም መልካም ነገር አዘጋጅተዋል። እኔ ግን በክፍል ውስጥ ያልተማርሁትን፥ በቤተሰቤ መካከል የተማርሁትን አንድ ነገር ላቀርብላችሁ መርጫለሁ። ይኸውም አያት የሞተበት ቤተሰብ ቀጥሎ የሚመጣውን የገና በዓል እንዴት አድርጎ ሊያሳልፈው ይገባል የሚለው ጥያቄ ነው። ከመካከላችን አያቱን ወይም ሌላ ዘመዱን በቅርቡ የቀበረ ተማሪ ስለሚኖር፥ ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

አያቴ አናጢ ነበሩ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የኖሩት በአዲስ አበባ ከተማ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በጉለሌ ነው። እኛ የልጅ ልጆቻቸው «አባባ» እንላቸው ነበር፤ የሰፈሩም ልጅ ሁሉ እንደ እኛው ይጠራቸው ነበር። የገና በዓል ሲቃረብ አባባ ሦስት ሥራዎች ነበሩባቸው።

የመጀመሪያው ሥራቸው የገና ዱላ መሥራት ነው። እንደምታውቁት የገና ጨዋታ ጫፉ በጎበጠ ዱላ፥ ሩር የምትባለውን ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራች ድብልብል ኳስ እየመቱ በሁለት ወገን የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። አባቶቻችን ጨዋታውን ከእረኞች ጋር አያይዘው ይተርኩታል፤ የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በያዙት ዱላ ተጫወቱ ይላሉ። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው ስለሚጋፉ፥ የተመታ አይቆጣም፥ የመታም አይከሰስም። አባባ በወጣትነታቸው በጃን ሜዳ ተጫውተዋል፤ በግራ እግራቸው ቅልጥም ላይ የነበረውንም ጠባሳ ለእኛ እንደ ኒሻን ያሳዩን ነበር። ጕልበታቸው ከደከመ በኋላ መጫወቱን ትተው፥ ለሰፈሩ ልጆች ያለ ዋጋ ዱላ ይሠሩ ጀመር።

ሁለተኛው ሥራቸው የቅርጫ ዕጣ መጣል ነው። አሥራ ሁለት ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ። በሬው ታርዶ ሥጋው፥ ጉበቱና ጨጓራው ሳይቀር በአሥራ ሁለት መደብ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ባለ መደብ አንድ ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ቅጠል፥ አንዱ ጠጠር፥ አንዱ ቍልፍ። የአባባ ምልክት ሁልጊዜ ከመላጊያቸው ሥር የወጣ አንድ ጥቅል የእንጨት ፍቅፋቂ ነበር። ምልክቶቹን በባርኔጣቸው ሰብስበው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ዕጣውን የሚያወጡት እርሳቸው ነበሩ። በእርሳቸው እጅ የወጣውን ዕጣ ማንም አጕረምርሞበት አያውቅም።

ሦስተኛው ሥራቸው በማዕድ ፊት ነው። ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልት እንደሚከፈል የማያውቅ የለም። ከእነዚህም አንዱ ፈረሰኛ የሚባለው ብልት በልማዳችን ለአባወራው ይቀርባል። አባባ ቤቱን ከመረቁ በኋላ ፈረሰኛውን ተቀብለው፥ መጀመሪያ ለአያቴ፥ ቀጥለው ከሁሉ ለሚያንሰው ልጅ ያጐርሱ ነበር።

አሁን ስለ ራሴ አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር እናገራለሁ። በ2016 ዓ.ም. ለገና ወደ ቤት አልሄድሁም። በትምህርት ቤታችን የውጭ አገር መምህራን ልደትን በታኅሣሥ 16 ቀን ገደማ ሲያከብሩ፥ እኛም የአዳሪ ተማሪዎች ዛፍ አስጊጠን፥ መዝሙር አጥንተን ከእነርሱ ጋር እናከብራለን። «አንድ ገና ካከበርሁ ሁለተኛው ቢቀርብኝ ምን ይጎዳኛል?» ብዬ፥ የፈቃዱን ቀን ከጓደኞቼ ጋር አሳለፍሁት። አባባ በዋዜማው በስልክ ጠሩኝ። አልተቆጡም። «ዘንድሮ ልደት በታኅሣሥ 28 የዋለው ለምን እንደ ሆነ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ሳለሁ አላውቅም አልሁ።

ሒሳቡንም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፤ ከመጋቢት 29 ቀን ከጌታ ፅንሰት ጀምሮ እስከ ልደቱ ያለው ጊዜ 9 ወር ከ5 ቀን፥ ይኸውም 275 ቀን ነው። ጳጕሜን 5 ቀን ስትሆን ቍጥሩ በታኅሣሥ 29 ይሞላል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ጳጕሜን 6 ቀን ስለ ሆነች፥ ዘመኑም ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበረ፥ ቍጥሩ በ28 ሞላ። ይህን ከነገሩኝ በኋላ «ዱላህን አስቀምጬልሃለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ከዚያ ወዲያ አንድም ገና አላገኙም። በጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፤ ጎረቤት ሁሉ አለቀሰ። አርባቸው ከኅዳር 15 በሚጀምረው በነቢያት ጾም ውስጥ ስለ ዋለ፥ የጾም ወጥ ተሠርቶ ለነዳያን ተሰጠ። ከዚህም በኋላ ቤታችን ዝም አለ።

እኔ ለበዓሉ ወደ ቤት የገባሁት ገና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። በዚያው ማታ የቅርጫው ሰብሳቢ መጥተው በር ላይ ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው «የጋሼ መደብ ዘንድሮ አለ ወይስ ይቅር?» ሲሉ በትሕትና ጠየቁ። አባቴም «ይቅር። እርሳቸው በሌሉበት ቤት ገና የለም» ሲሉ መለሱ። አባቴ ይህን ያሉት ከክፋት አይደለም። በአገራችን ኀዘን ላይ ያለ ቤት ድግስ አይደግስም፤ ከበሮም አይመታም። ይህ የቆየ የአክብሮት ልማድ ስለ ሆነ እኔም አልነቅፈውም።

አያቴ በማዕዘኑ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እንዝርታቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፥ እኔም ጥቁሬን አላወለቅሁም፤ የማወልቅበትንም ቀን አላውቀውም። ነገር ግን ልደት የእኛ ድግስ አይደለም፤ የጌታ ነው። አባትህን በጥቅምት ቀበርን፤ ሥራቸውን ደግሞ በታኅሣሥ አንቅበር።»

አባቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። በዚያ መካከል ታናሽ ወንድሜ እየሮጠ ገብቶ «ልጆቹ ስለ ዱላ ሊጠይቁ መጥተው በር ላይ ቆመዋል፤ ምን ልበላቸው?» አለ። ስንወጣ ሰባት ልጆች ከአጥሩ ሥር ተሰልፈው አገኘን። አባባ መሞታቸውን ሁሉም ያውቃሉ፤ በቀብሩም ላይ ነበሩ። ይሁን እንጂ በየዓመቱ የሚመጡበት ቀን ስለ ደረሰ፥ እግራቸው ወደዚያው ወሰዳቸው። አንዱም ደፍሮ አልተናገረም። አባቴ እነዚህን ልጆች ባዩ ጊዜ ወደ ሰብሳቢው ዞረው «መደቡ ይኑር» አሉ።

በዚያ ሌሊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚቀረውንና የሚቀጥለውን ለየ። ጠላ አይጠመቅም፤ ዘፈን አይኖርም፤ አዲስ ልብስ አይለበስም፤ እንግዳም አይጠራም። ነገር ግን የሌሊቱ ቅዳሴ፥ ቅርጫው፥ ዶሮውና የልጆች ዱላ እንደ ነበሩ ይሆናሉ። የአባባም ሦስት ሥራዎች ተከፋፈሉ። ዕጣውን አባቴ እንዲጥሉ፥ ቤቱን አያቴ እንዲመርቁ፥ ዱላውን ደግሞ እኔ እንድሠራ ተወሰነ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሬ ብሰማውም፥ ትርጕሙ የገባኝ በዚያ ሌሊት ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የጂኦሜትሪ ፈተና በደንብ ያለፈ ሰው የገና ዱላ መሥራት አያቅተውም ብዬ ነበር። የአባባን መጋዝና መላጊያ አውጥቼ፥ በደረቅ ጣውላ ላይ የዱላውን ቅርጽ በእርሳስ ነድፌ፥ በንድፉ ልክ ቈረጥሁት። ሰባቱም ዱላዎች አምረው ወጡ። በገና ዕለት ከቀትር በኋላ ጨዋታው ሲጀመር ግን ከሰባቱ አምስቱ ከጕብጠታቸው ላይ እንደ ብስኩት ተሰበሩ። ልጆቹ አልሳቁብኝም፤ ስብርባሪውን ሰብስበው አመጡልኝ እንጂ። እኔም ከመሳቅ የባሰ አፈርሁ።

በማግሥቱ መጋዙን ወደ ቦታው ስመልስ፥ ከመሣሪያ ሣጥኑ በስተኋላ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ዱላ አገኘሁ። በ2016 ዓ.ም. ያስቀመጡልኝ ነው። ተቀምጬ ብዙ አለቀስሁ። ካለቀስሁ በኋላ ግን ዱላውን በደንብ መረመርሁት፤ የእንጨቱ ክር ከእጀታው ጀምሮ በጕብጠቱ ዞሮ እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ለካ አባባ የሚሠሩት ከተፈጥሮው ከጎበጠ ቅርንጫፍ ነበር። እኔ ግን ቀጥ ካለ ጣውላ ስለ ቈረጥሁት፥ ጕብጠቱ ላይ ክሩ ተቋርጦ ነበር፤ የተሰበረውም ስለዚህ ነው። በሳምንቱ ከእንጨት ሻጮች ዘንድ የጎበጡ የወይራ ቅርንጫፎች መርጬ ገዛሁ፤ ከእነርሱም አምስት ዱላ ሠራሁ። መልካቸው ከፊተኞቹ ያስቀይማል፤ ግን አንዱም አልተሰበረም።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ስኖር፥ እንጨቱን ከየት እንደሚመርጡ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም ነበር። እንዲያስተምሩኝ የፈለግሁትን ነገር የተማርሁት ከሞቱ በኋላ፥ ከሠሩት ዱላ ነው።

በገና ጧት የሆነውንም ልንገራችሁና ንግግሬን ወደ መጨረሻው ላምጣ። ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ቆመን አድረን፥ አያቴ በአባባ ስም አንድ ጧፍ አበሩ። ጧት ማዕድ ቀረበ። አያቴ በቀጭን ድምፅ ቤቱን መረቁ፤ በመካከሉ ቆም ብለው ቀጠሉ። ከዚያም ፈረሰኛውን አንሥተው በአባቴ ፊት አኖሩት። አባቴ ትክ ብለው ተመለከቱት፤ መብላት ግን አልቻሉም። በመጨረሻ በጣታቸው ቈራርሰው፥ መጀመሪያ ለአያቴ፥ ቀጥለው ለታናሽ ወንድሜ አጐረሱ፤ ከዚያም ለእያንዳንዳችን አዳረሱ። ለራሳቸው ምንም አልቀረላቸውም። ይህን ጊዜ አያቴ ከራሳቸው ድርሻ ቈርሰው ለአባቴ አጐረሱ። ሁላችንም አለቀስን፤ ሁላችንም በላን።

ኀዘንና በዓል በአንድ ማዕድ ሊቀመጡ እንደሚችሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በሌላም አገር እንዲሁ ነው። በፊንላንድ በልደት ዋዜማ ብዙ ቤተሰቦች ወደ መካነ መቃብር ሄደው በዘመዶቻቸው መቃብር ላይ ሻማ ያበራሉ፤ በበረዶው መካከል መካነ መቃብሩ በሙሉ በብርሃን ይሞላል። ከዚያም ወደ ቤታቸው ተመልሰው ማዕዳቸውን ይቀርባሉ። ሟቹን ማሰብ በዓሉን እንደማያፈርስ እነርሱም ዐውቀውታል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር እንድታስቡ እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፤ ኀዘን ላይ ያለ ቤተሰብ በዓሉን በሙሉ ከመተው ወይም ምንም እንዳልሆነ አስመስሎ ከመደገስ ይልቅ፥ ተቀምጦ ይምከር፤ የሚቀረውን ያስቀር፥ የሚጸናውን ያጽና። ለኀዘንተኛው ጥቁሩ ይተውለት፤ ለሕፃኑ ዱላው ይሰጠው።

ሁለተኛ፤ ሟቹ ብቻቸውን ይሠሩት የነበረውን ሥራ ለአንድ ሰው አታሸክሙ፤ ተከፋፈሉት። የአንዱ ሥራ ቢበላሽ እንኳ የሌላው ቤቱን ያቆመዋል።

ሦስተኛውና ዋናው ለእኛ ለተማሪዎች ነው። አያት ያላችሁ ሁሉ፥ የሚመጣው ፈቃድ ሲሰጥ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ስትሄዱም ለመብላት ብቻ አትሂዱ፤ ጠይቁ። ሊጡ ስንት ቀን እንደሚቦካ፥ የበዓሉ ቀን እንዴት እንደሚቈጠር፥ እንጨቱ ከየት እንደሚቈረጥ ጠይቁ። ደብተርና እርሳስ የያዘ እጅ ይህን ሳይጽፍ ቢቀር ጥፋቱ የሽማግሌው አይደለም። እኔ አንድ ገና ቀረሁ፤ ያም ገና የመጨረሻው ሆነ። እናንተ እንዳትቀሩ።

ትምህርት ቤታችንም ይህን በዓል የሚያከብረው እኮ የመሠረቱት ሰዎች ሁሉ በሕይወት ስላሉ አይደለም፤ የጀመሩትን ሥራ የሚሠራ ሰው ስላልጠፋ ነው።

እግዚአብሔር ወላጆቻችንንና አያቶቻችንን በዕድሜ በጤና ያቆይልን፤ ያረፉትንም ነፍሳቸውን ይማርልን። ትምህርት ቤታችንን ይባርክልን።