ኩባንያ ሲናገር
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



እራቱ እየቀረበ ስለሆነ ቶሎ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሕግ ያጠናን ሰዎች «ኩባንያ የሕግ ሰውነት አለው» ሲባል ደብተራችን ላይ ጽፈን አልፈናል። ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ንብረት ያፈራል፤ በቃ። በፖለቲካስ መናገር ይችላል ወይ ብሎ የጠየቀ ትዝ አይለኝም። እዚህ አሜሪካ ግን ጥያቄው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

በ1976 በማሳቹሴትስ ግዛት የገቢ ግብርን ስለማሻሻል ሕዝበ ውሳኔ ሊካሄድ ሲል፣ አንድ የቦስተን ባንክና ሌሎች ኩባንያዎች በገንዘባቸው ተቃውሞ ሊያሰሙ ፈለጉ። የግዛቱ ሕግ ከለከላቸው። በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ክልከላውን ሻረ። ፍሬ ነገሩ፣ የንግግር ዋጋ በተናጋሪው ማንነት አይለካም፣ ሕዝቡም የመስማት ጥቅም አለው የሚል ነው። በ2010 ደግሞ «ሲቲዝንስ ዩናይትድ» በተባለው መዝገብ፣ አሁንም 5 ለ4፣ ኩባንያዎች ከዕጩዎች ጋር ሳይመክሩ በራሳቸው ገንዘብ የምርጫ ቅስቀሳ ማድረግ ይችላሉ ተባለ። ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ ገንዘብ መስጠት ግን እንደተከለከለ ቀረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የ1978ቱን ውሳኔ አልጠላውም። መንግሥት «አንተ ተናገር፣ አንተ ዝም በል» ሲል ምን እንደሚመስል ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት አያሻም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው።

በ2020 በካሊፎርኒያ የአፕ ሾፌሮች እንደ ተቀጣሪ ይቆጠሩ ወይስ በግል እንደሚሠሩ በሚለው ላይ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ኡበርና ሊፍትን የመሳሰሉ ኩባንያዎች በጋራ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ፤ አሸነፉም። የቴሌቪዥን ማስታወቂያው ይሁን፣ ጣቢያ መቀየር ይቻላል። ነገር ግን ቅስቀሳው ሾፌሩ ሥራ በሚቀበልበት አፕ ላይም መጣ! የእኛ ሰዎች በዚህ ሥራ እንዳሉ ታውቃላችሁ። አፑን ልዝጋው ቢል የዕለት ገቢውን መዝጋቱ ነው። ታዲያ የተናጋሪው መብት በሰሚው ጥቅም ላይ ከቆመ፣ ሰሚው ተነሥቶ መሄድ ሲያቅተውስ?

በመካከላችን የድርጅት ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች አላችሁ። ድርጅታችሁ አቋም ይያዝ፣ በአደባባይም ይናገር። ሠራተኛውን ግን በደመወዝ ወረቀቱና በፈረቃ ሰሌዳው በኩል አትቀስቅሱት። የተለየ ሐሳብ ስለተናገረም የሥራ ሰዓቱ አይቀነስበት።

እራቱ ደረሰ መሰለኝ። የማይስማማ ካለ ጠረጴዛዬ በስተግራ ነው፤ ይምጣና እንከራከር።