ስለ መኪና ማቆሚያና ገና ስላልመጣው አውቶቡስ

(በመቱ ከተማ በአካባቢያችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በዝናቡ ምክንያት ላልተገኙት አባላት ሲባል በሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)



ዝናቡን ችላችሁ ስለመጣችሁ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። የኢሉባቦር ሰው ዝናብ ፈርቶ የሚቀር ቢሆን ኖሮ በዓመት ሁለት ስብሰባም አይኖረንም ነበር። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በዋናው መንገድ ዳር ስለሚሠሩት ፎቆችና ስለ መኪና ማቆሚያቸው ነው። እኔ ግን ፈቃዳችሁ ከሆነ ስለ አውቶቡስም ጨምሬ እናገራለሁ። «የቱ አውቶቡስ?» የሚል ሰው እንዳለ ከወዲሁ ይታየኛል። እመለስበታለሁ።

ነገሩን ያነሣሣው ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ባለፈው ሰኔ አንዲት የሰፈራችን እናት ከጎሬ ከመጣ ሚኒባስ ወርደው፣ የእግረኛው ጠርዝ በቆሙ መኪናዎች ተይዞ ስለነበር፣ በመኪናውና በቦዩ መካከል ላልፍ ሲሉ ቦዩ ውስጥ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። መኪናውን ያቆመውን ሰው ጠየቅነው። «ታዲያ የት ላቁም?» አለን። ወደ ሕንፃው ሰዎች ሄድን። ምድር ቤቱ ማቆሚያ ተብሎ ተፈቅዶ ነበር፤ አሁን ግን የእህልና የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። ሁሉም እውነቱን ነው የነገረን፤ የእናታችን እጅ ግን እስካሁን ጉልበት የለውም።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይምሰላችሁ። በአዲስ አበባም ለማቆሚያ ተብለው የተፈቀዱ ምድር ቤቶች ሱቅና መጋዘን እየሆኑ መኪናው ሁሉ አስፋልት ላይ ሲቆም ኖሯል። አስተዳደሩም በተለያየ ጊዜ «ወደ ማቆሚያነት መልሱ» እያለ ባለ ሕንፃዎችን ሲያስጠነቅቅና ሲያሽግ ሰምተናል። ለምን ቢባል፣ ባለ ሕንፃው ማቆሚያውን የሚሥለው ፈቃድ ለማግኘት ነው፤ ፈቃዱ በእጁ ከገባ በኋላ መኪና ከማሳደር ሱቅ ማከራየት ይሻለዋል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህን ላለማድረጌ አልምልም።

እስቲ እንለካው። በቅየሳ ሥራ ስለኖርሁ ሜትር ካልያዝሁ አፌ አይፈታልኝም። አንዲት የቤት መኪና ስትቆም 2.5 ሜትር በ5 ሜትር፣ ማለትም 12.5 ካሬ ሜትር ትይዛለች። መግቢያና መዞሪያው ሲታከልበት ለአንድ መኪና ቢያንስ 25 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። እንግዲህ አንድ ባለ ሕንፃ በእያንዳንዱ ወለል 300 ካሬ የሆነ ፎቅ ቢሠራና 12 መኪና እንዲያቆም ቢታዘዝ እንበል፤ 12 በ25 ሲባዛ 300 ነው። አንድ ሙሉ ወለል ለመኪና መኝታ ሄደ ማለት ነው። ያንን ወለል ለመቆፈርና ለመገንባት የወጣው ገንዘብ ከየት ይመለሳል? ከሱቁ ኪራይ፣ ከሆቴሉ አልጋ፣ ከምትጠጡት ቡና ሂሳብ። ዶናልድ ሹፕ የሚባሉ አሜሪካዊ የከተማ ፕላን ምሁር በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ትልቅ መጽሐፍ ያብራሩት ይህንኑ ነው፤ ነፃ የሚባለውን ማቆሚያ በእግሩ የሚሄደውም ሰው ሳያውቀው ይከፍልበታል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ መኪና ያላችሁ እጃችሁን አውጡ ብል ስንት እጅ እንደሚነሣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

«እንግዲያው ግዴታው ይቅር» የሚሉ አሉ። እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። ግዴታው እንዲሁ ቢነሣ ባለ ሕንፃው ገንዘቡን ይተርፋል፣ መኪናው ግን የትም አይሄድም፤ ቦዩ ዳር ይመጣል። የእኔ ሐሳብ ግዴታው ይለወጥ ነው። ከባለ ሕንፃው የምንቀበለው ነገር ለሚቆመው መኪና ብቻ ሳይሆን ለሚመጣው የሕዝብ ማመላለሻም የሚጠቅም ይሁን።

አሁን ወደ አውቶቡሱ ልመለስ። ከተማችን ያላት አውራ መንገድ ከበደሌ በኩል ገብቶ ወደ ጎሬና ወደ ጋምቤላ የሚወጣው ነው። ይኸው መንገድ ለከባድ መኪናም፣ ለባጃጅም፣ ለአህያም፣ ለተማሪም ያገለግላል። በሽማግሌዎቻችን ዘመን የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ጎሬ ነበረች፤ ኋላ መቱ ሆነች። መቱ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ካርል ሆስፒታል ከጋምቤላ ሳይቀር በሽተኛ ይመጣበታል። ይህ ሁሉ ሰው የሚንቀሳቀሰው በባጃጅና በሚኒባስ ነው። አንድ ባጃጅ በወጉ ቢጭን ሦስት ሰው ያሳፍራል፤ ስልሳ ሰው ለማጓጓዝ ሃያ ባጃጅ ይሰለፋል ማለት ነው። ስልሳ ሰው አንድ አውቶቡስ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ልጆቻችን ናቸው፣ እንጀራቸውንም አልጠላም። ነገር ግን መናኸሪያውን፣ ገበያውን፣ ሆስፒታሉንና ዩኒቨርሲቲውን የሚያገናኝ የከተማ አውቶቡስ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። የሚመጣውም በዚሁ አንድ መንገድ ላይ ነው።

ጥያቄው በመጣ ጊዜ የት ያልፋል የሚለው ነው። ለአንድ የአውቶቡስ መስመር 3.5 ሜትር ስፋት ይበቃል። የአንድ ሕንፃ ፊት ለፊት 20 ሜትር ቢሆን፣ ባለቤቱ ከመንገዱ 3.5 ሜትር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ቢሠራ የሚለቀው 70 ካሬ ሜትር ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ለሦስት መኪና ማቆሚያ እንኳ አይሞላም! አሥራ ሁለት መኪና ከምንጠይቀው ሰው ዘጠኙን ተቀብለን የሦስቱን ፈንታ ይህን መሬት ብንወስድ እሱም አይጎዳም፣ ከተማይቱም መስመር ታገኛለች። አሥር ጎረቤታሞች እንዲህ ቢያደርጉ 200 ሜትር መንገድ ተገኘ። ዛሬ በወረቀት ላይ ያላስቀመጥነውን 3.5 ሜትር ግን ከሃያ ዓመት በኋላ አራት ፎቅ አፍርሰንና ካሳ ከፍለን ነው የምናገኘው። ካሳውን የሚከፍለውም ያው የእኛው ግብር ነው።

የሌሎችን ልምድ በአጭሩ ላንሣ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙ ሕዝብ አመላልሷል፣ ይህ አይካድም። ነገር ግን ሐዲዱ በነባሮቹ መንገዶች መካከል ስለተዘረጋ ወዲያ ማዶ ለመሻገር ብዙ መዞር ግድ የሆነባቸው ሰፈሮች ነበሩ፤ ዘመድ የጠየቃችሁ ታውቁታላችሁ። ዳሬ ሰላም ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. የፈጣን አውቶቡስ መስመር ጀመረች። መስመሩ ጥሩ ነበር። የአውቶቡሶቹ ማደሪያ የተሠራው ግን ጃንግዋኒ በሚባል ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ስለነበር ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ እየገባበት ብዙ ጉዳት ደርሷል። በብራዚል ያለችው ኩሪቲባ ግን ገና ሳትጨናነቅ መስመሩን በፕላኗ አስቀምጣ፣ ትልልቅ ሕንፃዎቿን በዚያው መስመር ዳር እንዲሠሩ አድርጋ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. አውቶቡሷን አስገባች። ኩሪቲባ ከመቱ ጋር የምትወዳደር ከተማ አይደለችም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ለትንሽ ከተማም ይሠራል፣ እንዲያውም ለትንሽ ከተማ ይረክሳል።

የጃንግዋኒን ነገር ያነሣሁት በምክንያት ነው። በመቱ ዙሪያ ሜዳ የሆነው መሬት አብዛኛው ጨፌ ነው። በመንገዱ ዳር ለማቆሚያም ለአውቶቡስ ማደሪያም ቦታ ካላስቀረን፣ አንድ ቀን አንዱ ሹም ተነሥቶ «ያ ረግረግ ባዶ ነው፣ ጠጠር ይደፋበት» ማለቱ አይቀርም። ባዶ አይደለም። ምንጩ ከዚያ ነው፣ ለበዓል የምንጎዘጉዘው ከዚያ ነው፣ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅልን እሱ ነው። ጠጠር የተደፋበት ቀን ውኃው የታችኛው ሰፈር ሰው ቤት ይገባል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁ የታችኛው ሰፈር ሰዎች ናችሁ።

ለቀረው መኪና የጋራ ማቆሚያ ከዋናው መንገድ በስተጀርባ ይዘጋጅ እላለሁ። ባንኩ ማቆሚያ የሚፈልገው ቀን ነው፤ ሆቴሉ ማታ። ሁለቱ ለየብቻ ከሚቆፍሩ አንድ ሜዳ ቢጋሩ ቦታውም ገንዘቡም ይተርፋል። ሕንፃው ጠባብ የሆነበት ሰውም በምድር ቤቱ ፈንታ ለዚሁ የጋራ ሜዳ መዋጮ ይክፈል። የጋምቤላ ከባድ መኪናዎችማ ከተማው መካከል ማደራቸው ይብቃ፤ በመግቢያው በኩል ማደሪያ ይሰጣቸው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የማኅበራችን አባል ይህን ሲሰሙ፣ «ላልተወለደ ልጅ ጫማ ትገዛለህ እንዴ?» ብለው አሳቁብኝ። ሳቁ ተገቢ ነው። እኔ ግን ጫማ ግዙ አላልሁም፤ ልጁ የሚተኛበትን ቦታ ግንብ አትሥሩበት ነው ያልሁት። ያ 3.5 ሜትር አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ባጃጅና ሚኒባስ ከአስፋልቱ ወጥተው ሰው ያወርዱበታል፣ ማለዳ ዕቃ ይራገፍበታል። አጥርና የሱቅ በረንዳ ብቻ አይሠራበት። የሱቅ በረንዳ አንዴ ከወጣ እንደማይገባ ታውቃላችሁ።

ከባለ ሕንፃዎቹም አንዱ በቅንነት የጠየቁኝ አለ፤ «እኔ ለቅቄ ጎረቤቴ ባይለቅስ?» እውነታቸውን ነው። አንዱ ገብቶ ሌላው ወጥቶ የሚሠራ ከሆነ የተበላ ጥርስ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ነገሩ በልመና ሳይሆን በፕላን መታሰር አለበት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን ለአሥር ዓመት እንዲያገለግል ሆኖ እንደሚዘጋጅና ረቂቁም ለሕዝብ ውይይት እንደሚቀርብ ይደነግጋል። በእንዲህ ያለ ውይይት ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሰው የሚናገረው ስለ ራሱ አጥር ነው፤ ስለ መንገዱ ስፋት የሚጠይቅ አይገኝም። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ማኅበራችን በቃል ሳይሆን ልኬት ይዞ ይቅረብ።

ለዚህም በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከፈቀደ ከመናኸሪያው ጀምረን መንገዱን ግራና ቀኝ እንለካለን፤ የት ስንት ሜትር እንደቀረ፣ የትኛው ምድር ቤት ማቆሚያ እንደሆነና የትኛው መጋዘን እንደሆነ እንመዘግባለን። የባለቤት ስም አንጽፍም፣ ጠብ አንፈልግም። የመለኪያ ገመድ አለኝ። ገመዱን የሚይዙልኝ ሁለት ወጣቶችና ጽሕፈቱ የሚነበብ አንድ ሰው ያስፈልገኛል። ቦት ጫማ ያለው ይዞ ይምጣ።