በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጣቸው ጨቅላ ሕፃናትና የነርሶች ጥበቃ



ለመሐንዲስ ስለ ውኃ ሲነገር ግድብና ቦይ ይታወሱታል። የዛሬው ንግግር ግን ስለ አንዲት ጠብታ ነው። ይህች ጠብታ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከጎዛምን፣ ከማቻከልና ከስናን ለሚመጡ እናቶች ልጆች የሕይወት ጉዳይ ናት። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር።

ሒሳቡ እነሆ። 2 ኪሎ ለሚመዝን ጨቅላ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ቢታዘዝለት፣ የቀኑ ድርሻ 120፣ የሰዓቱ 5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ለአዋቂ በተሠራው፣ 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሚሞላው ቱቦ ይህ በደቂቃ ሁለት ጠብታ እንኳ አይሆንም፤ አንዲት ጠብታ ብትጨመር ከታዘዘው 60 በመቶ ይበልጣል። 60 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሚሞላው ቱቦ ግን በደቂቃ 5 ጠብታ ስለሚሆን በዐይን ይቈጠራል። የዚህ ሕፃን ጠቅላላ ደም 170 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ ከራሱ በላይ የተሰቀለው ከረጢት 500 ይይዛል! መቈጣጠሪያው በሌሊት ቢላላ ምን እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም። ልምድ ያላት ነርስ በቡሬቱ ውስጥ የጥቂት ሰዓት ድርሻ ብቻ ሞልታ የከረጢቱን መንገድ የምትዘጋው ስለዚህ ነው።

የደብረ ማርቆስ ከፍታ፣ 2,400 ሜትር ያህል መሆኑ፣ ጠብታውን ያዛባው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ መሐንዲስ አይጠፋም። አያዛባም፤ የአየሩ ግፊት ከረጢቱንም ሕፃኑንም እኩል ስለሚጫን ወሳኙ በሁለቱ መካከል ያለው ቁመት ነው። አስቸጋሪው ብርዱ ነው። እናት ልጇን በጋቢ ትጠቀልላለች፤ እውነትም ሙቀት ለጨቅላ መድኃኒት ነው። ዳሩ ግን ካኑላ የገባበት እጅ አብሮ ከተሸፈነ እብጠቱን የሚያይ የለም።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው የፈሳሽ ፓምፕ ትልቅ ረዳት ነው፤ ቢሆንም የሚጮኸው በተለይ መንገዱ ሲዘጋበት ነው። ካኑላው ከደም ሥር ወጥቶ ፈሳሹ በሥጋ ውስጥ ሲሰራጭ ግፊቱ ብዙ ጊዜ እምብዛም ስለማይጨምር፣ ፓምፑ ዝም ብሎ መግፋቱን ይቀጥላል። 10 በመቶ ግሉኮስ፣ ይልቁንም ካልሲየም፣ እንዲህ ሲፈስ ቆዳን እስከ ማቍሰል ይደርሳል። ስለሆነም ነርሷ በየሰዓቱ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ እጁን ከሌላው እጅ ጋር ታስተያያለች። አብጧልን? ነጥቷልን? ጠንክሯልን? ሲነካ ያለቅሳልን? አንዱ ከታየ ፈሳሹ ይቆማል፤ ሐኪም ይጠራል፤ ካኑላው ወጥቶ ሌላ የደም ሥር ሳይዘገይ ይፈለጋል፤ ፈሳሹ ተቋርጦ ከቈየ የሕፃኑ የደም ስኳር ይወርዳልና።

ከዚህ ላይ የማኅበሩ አባላት ድርሻ ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑን የሚያቆየው ባትሪ ስለሆነ፣ ባትሪው በየጊዜው መፈተሽ አለበት። ፓምፑ በእርግጥ በሰዓት 5 ሚሊ ሊትር መስጠቱን ለማረጋገጥም ከአንድ ሲሪንጅና ከአንድ የእጅ ሰዓት ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።