በብዙ እጅ ያለፈ መኪና፤ የአሮጌ ቮልስዋገን አካል እድሳት



አንድ አሮጌ መኪና ለእድሳት ወደ ጋራዥ ሲገባ ባለቤቱ ዘወትር የሚናገረው ቃል «እንደ ድሮው ይሁንልኝ» የሚል ነው። ቃሉ አጭር ቢሆንም ለመሐንዲሱ ከባድ ጥያቄ ያስከትላል። ድሮ የተባለው የትኛው ጊዜ ነው? መኪናው ከፋብሪካ የወጣበት ዕለት ነው ወይስ ሁለተኛው ባለቤት መብራቱን ለውጦ፣ ሦስተኛው መስኮቱን አስፍቶ የነዳበት ዘመን? የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በሚገባ በታወቀው በቮልስዋገን ቢትል፣ በተለምዶ «ቮልስ» በሚባለው መኪና አካል ላይ መመርመር ነው።

እንደሚታወቀው ቮልስ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ሲመረት ኖሮ ቁጥሩ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። በዚህ ሁሉ ዘመን አጠቃላይ ቅርጹ ብዙ ስላልተለወጠና ፓራፋንጎዎቹም በቡሎን የሚታሰሩ ስለሆኑ፣ የአንዱ ዘመን ዕቃ በሌላው ላይ ለመግጠም አያስቸግርም። ነገር ግን ዝርዝሩ ብዙ ተለውጧል። የኋላ መስኮቱ እስከ ማርች 1953 ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ አንድ ወጥ ሞላላ፣ ቀጥሎም ሰፊ አራት ማዕዘን ሆነ። ከ1967 አጋማሽ በኋላ ደግሞ ያጋደለው የፊት መብራት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፓራውልቱ ከፍ አለ፤ የፊቱ ኮፈንም አጠረ። ስለዚህ በ1955 የተሠራ ቮልስ ሰፊ መስኮት ተቆርጦለትና የ1968 ፓራፋንጎ ለብሶ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

የመጀመሪያው ሥራ መፍታት ሳይሆን ማንበብ ነው። በኋላ ወንበር ሥር፣ በወለሉ መካከል በሚያልፈው ዋሻ ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር የመኪናውን ዘመን ይናገራል። የመጀመሪያው ቀለም ብዙ ጊዜ ከበሩ የውስጥ ልባስ ጀርባ ሳይነካ ይቆያል። ማግኔት በላሜራው ላይ ሲንሸራተት የሚለቅበት ቦታ ወፍራም ስቱኮ መኖሩን ያጋልጣል። እስከ 1960 ድረስ በብዙ ቮልሶች ላይ ከበሩ ኋላ ካለው ምሰሶ ብቅ የሚል ባለመብራት ክንድ እንደ ፍሬቻ ያገለግል ነበር፤ ቀዳዳው በላሜራ ቢደፈንም የውስጡ ቅርጽ ምስክር ሆኖ ይገኛል። ይህ ሁሉ በሥዕልና በፎቶግራፍ ሳይመዘገብ መፍጫ ማንሣት፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለውን መድገም ነው።

ከምዝገባው በኋላ ለውጦቹ በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ጉዳትን ለመሸፈን የተደረገ ነው፤ በዝገት ላይ የተለጠፈ ስቱኮና በላሜራ ላይ የተደረበ ላሜራ ያለማመንታት መነሣት አለበት። ሁለተኛው ለደኅንነት የተደረገ ነው፤ በክንዱ ፈንታ የገባው ብልጭ ድርግም የሚል ፍሬቻ መኪናው በዛሬ ትራፊክ ውስጥ የሚነዳ ከሆነ ቢቆይ ይመረጣል። ሦስተኛው ለዘመኑ ፋሽን የተደረገ ነው፤ አከራካሪውም ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ትልቁን ጥንቃቄ የሚጠይቀው ከበሩ ሥር የሚያልፈው የጎን ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን ሙቅ አየር ከሞተሩ ወደ ተሳፋሪው የሚያደርስ ቦይ ብቻ ሳይሆን አካሉን የሚሸከም አግዳሚም ነው። ከውስጥ ስለሚዝግ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ባትላሜራው የበሩን ክፍተት በብረት ሳይደግፍ ሣጥኑን ከቆረጠ አካሉ ይጎብጣል፤ ከዚያ በኋላ በሩ በትክክል አይዘጋም። ስለዚህ አካሉ ከወለሉ ጋር እንደታሰረ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ተቆርጦ ሊበየድ ይገባል።

ከባዱ ውሳኔ ግን የመስኮቱ ነው። የተቆረጠውን ወደ ሞላላው ለመመለስ ከሌላ የዚያ ዘመን ቮልስ ቆርጦ ማምጣት ያስፈልግ ይሆናል። ለጋሹ መኪና ለመዳን የማይችል ቁራጭ ብረት ከሆነ ሥራው ይደገፋል። ሊድን የሚችል መኪና ከሆነ ግን አንዱን ለማዳን ሌላውን መግደል ነው። በሌላ በኩል መስኮቱን ያሰፋው ባትላሜራ ብየዳውን አጥርቶ፣ መስመሩን ጠብቆ ሠርቶ እንደሆነ፣ ሥራው የአንድ ባለሙያ እጅ ውጤትና የመኪናው ታሪክ አካል ነው። ባለቤቱም ይህ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ሐውልቶች ጥበቃ የወጣው የቬኒስ ቻርተር እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም እንዳለበት ደንግጓል። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽንም በ2012 ባጸደቀው የቱሪን ቻርተር ይህንኑ መንፈስ ወደ መኪናዎች አምጥቶታል። መሐንዲስ ማስረጃ ያለውን ይመልሳል፤ ማስረጃ የሌለውን አይፈጥርም፤ የጨመረውን ሁሉ መዝግቦ ለባለቤቱ ያስረክባል። ምክንያቱም ያ መኪና ነገ በሌላ ጋራዥ ይቆማል። በዚያን ጊዜ መዝገቡን የሚገልጠው ባልደረባ የፋብሪካውን፣ የቀድሞዎቹን ባለቤቶችና የአዳሹን እጅ ለይቶ ለማየት ከቻለ፣ እድሳቱ በእርግጥ ተፈጽሟል ማለት ነው።