ከሽኩና ጊሜል እስከ ኤላት ባሕር ወለል
(በማኅበራችን ዓመታዊ የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



እዚህ የቆምነው ባለፈው ዓመት ከሽኩናችን ወደ ኤላት ወርደን ባሕር ውስጥ ጠልቆ መዋኘት የተማርነውን ልጆች ወክለን ነው። ብዙዎቻችሁ «ምን ፍለጋ ነው ባሕር ውስጥ የምትገቡት?» ብላችሁን ነበር። ያኔ በደንብ አልመለስንም። ዛሬ እንመልስ።

እውነቱን ለመናገር እኛ የበረሃ ልጆች ነን። ከቤርሼቫ እስከ ኤላት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ነው። ቤታችን ውስጥ ደሞ ስለ ውሃ የሚወራው ለማስጠንቀቅ ነው። ወላጆቻችን ባደጉበት አገር ክረምት የሞላ ወንዝ ሰው ይወስዳል፤ «ውሃ አትግባ» ማለት «እወድሃለሁ» ማለት ነበር። ስለዚህ ግማሾቻችን ዋና እንኳን አናውቅም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፍነው ገንዳ ውስጥ፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር፣ እየተሳቀብን ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱ መጣ። በእስራኤል ከ1979 ጀምሮ የጠልቆ ዋና ሕግ አለ። ያለ ትምህርትና ያለ ቢቱዋሕ የአየር ታንክ ተሸክሞ መግባት የለም። የጤና ቅጽ ይሞላል፤ 18 ዓመት ላልሞላው ወላጅ ይፈርማል። ከመካከላችን የአንዱ፣ የ17 ዓመቱ ልጅ እናት «አልፈርምም» አሉ። ሽማግሌ ሆነን ቤታቸው ሄድን። ቡናውን እስከ በረካ አጠጡን፣ ፊርማውን ግን ከለከሉን። ልንወጣ ስንል «እኔም አብሬ ሄጄ ዳር ከተቀመጥኩ እፈርማለሁ» አሉ። አብረውን ሄዱ።

ኤላት ጀልባ አያስፈልግም፤ ከዳር በእግር ነው የሚገባው። ታንኩ፣ ቀበቶው፣ እርሳሱ አንድ ላይ ሃያ ኪሎ ገደማ ይሆናል። ጫማው ወፍራም መሆን አለበት፤ ድንጋይ ዓሣ የሚባለው መርዛም ዓሣ ድንጋይ መስሎ ይተኛልና። ውስጥ ስትገቡ በየ10 ሜትሩ የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል። ጆሮ ሳይታመም ቶሎ ቶሎ ማስተካከል ያስፈልጋል። ዋናው ሕግ ደሞ ትንፋሽን አለመያዝ ነው። ስትወጡ ሳንባችሁ ውስጥ ያለው አየር ስለሚሰፋ ትንፋሹን የያዘ ሰው ሳንባው ሊጎዳ ይችላል። ማንም ብቻውን አይገባም፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው።

እኛ ኮራል ለማየት ቸኩለን ነበር። አስተማሪያችን ግን የወሰደን ወደ ባዶ አሸዋ ነው። በዓለም ላይ «መክ ዳይቪንግ» የሚባል የጠልቆ ዋና ዓይነት አለ፤ ጭቃና አሸዋ ላይ ትንንሽ ፍጥረት መፈለግ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ነው፤ ዛሬ በጣም የታወቀው ቦታ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያለው ለምቤህ ነው። ኤላት እንደዚያ ጭቃ የለውም፤ አሸዋና የባሕር ሣር ግን አለው።

መጀመሪያ ምንም አላየንም። «ለዚህ ነው ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ የመጣነው?» አልን በሆዳችን። ከዚያ አንዳችን በእግሩ መቅዘፊያ አሸዋውን መታው፤ አካባቢው ሁሉ ደፈረሰና የራሳችንን እጅ እንኳን ማየት አቃተን። ሳንንቀሳቀስ ቆይተን ውሃው ሲጠራ ነው ነገሩ የገባን። የሚቸኩል ሰው እዚያ ምንም አያይም።

ቀስ ስንል አሸዋው ሕይወት ዘራ። ቀጫጭን ዓሦች ግማሽ አካላቸውን ከጉድጓድ አውጥተው እንደ ጤፍ አዝመራ ይወዛወዛሉ፤ ስንጠጋ ሁሉም አንዴ ገቡ። ሣሩ ውስጥ ጭራውን ጠምጥሞ የቆመ የባሕር ፈረስ አየን። በባሕር ፈረስ ዘንድ እኮ የሚያረግዘው ወንዱ ነው! እናቶች፣ እዚህ ላይ ብትስቁ አንቀየምም።

ከሁሉም የማንረሳው ግን ሽሪምፑንና ጎቢ የምትባለውን ትንሽ ዓሣ ነው። አንድ ጉድጓድ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ሽሪምፑ በደንብ አያይም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ቤቱን ይቆፍራል፣ ይጠግናል። ዓሣዋ መቆፈር አትችልም፤ ግን ታያለች። ሽሪምፑ ሲወጣ አንቴናውን ዓሣዋ ላይ ያሳርፋል። አደጋ ሲመጣ በጭራዋ ምልክት ትሰጠዋለች፤ ሁለቱም ይገባሉ።

ይህን ስናይ ያሰብነው ቤታችንን ነው። ከባንክ፣ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የመጣ ደብዳቤ ሲኖር «ና አንብብልኝ» ያላላችሁን ወላጅ የለም። አንዳንዴ ተሰላችተን አንብበናል። የምናነብበትን ቤት የቆፈረው ማን እንደሆነ ረስተን ማለት ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከውሃው ስንወጣ እናትየዋ ፎጣ ይዘው እግራቸው እስኪረጥብ ድረስ ገብተው ነበር። ምሳ ላይ ልጃቸው እንኳን ሰምቶት የማያውቀውን ታሪክ ነገሩን። ይህ የኤላት ባሕር ወደ ደቡብ ሄዶ ከቀይ ባሕር፣ ከሱዳን ዳርቻ ይገናኛል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚያ፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ ሞሳድ ዓሩስ የሚባል የጠላቂዎች መዝናኛ መንደር ያካሂድ ነበር። ቀን እውነተኛ ቱሪስቶች ይዋኙበታል፤ ሌሊት ግን ከገዳሪፍ አካባቢ በመኪና የመጡ ወገኖቻችን በጎማ ጀልባ ወደ ባሕር ኃይል መርከብ ይሻገሩ ነበር። እሳቸው ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እንዳያለቅሱ እናታቸው አፋቸውን ይዘውባቸው፣ ጨለማና ማዕበል ብቻ እያዩ ተሻገሩ። «ከዚያ ወዲህ ባሕር አጠገብ አልቆምኩም» አሉን። ትንሽ ዝም ብለው ደሞ «ለካ ከሥሩ ይሄ ሁሉ አለ» አሉ።

እኛ ፈሪ ናቸው ብለን ነበር። ከሁላችንም ቀድመው ባሕሩን የደፈሩት ግን እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ለወጣቶች፦ ዋና ተማሩ፤ በ22 ዓመትም አይረፍድም። የባሕሩን ፍጥረት አትንኩ፣ ዛጎልና ኮራል አታምጡ። ለወላጆች፦ ልጃችሁ ቅጽ ሲያመጣ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት የፈራችሁትን ንገሩን። እኛ እንሰማለን። ከቻላችሁም አብራችሁን ኑ፤ ዳር ላይ ቦታ አለ፣ ቡናውንም እኛ እናፈላለን።