እንቢ ላለ ሰው ማን ይፈርም?

ቤቱን የሸጠ ሰው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስም ማዛወሪያው ላይ “አልፈርምም” ቢል ምን ይደረጋል? ፍርድ ቤቱ ሹም ይሰይማል፣ ሹሙ በሻጩ ምትክ ይፈርማል የሚለው መልስ ዛሬ ለጆሮ አይከብድም። እንግሊዞች ግን እዚህ የደረሱት ብዙ ሰው ካሰሩ በኋላ ነው።

የለንደኑ የቻንስሪ ፍርድ ቤት ሥልጣኔ በሰውየው ላይ እንጂ በንብረቱ ላይ አይደለም ይል ነበር። ስለዚህ ዳኛው መሬቱን ራሱ ለገዢው አያስተላልፍም፤ ሻጩን ፈርም ብሎ ያዛል፤ እንቢ ካለ ፍርድ ቤት ደፍሯል ተብሎ ፍሊት ወደሚባለው ወህኒ ይወርዳል። አካሄዱ በጎ ጎንም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1750 ሎርድ ሃርድዊክ የፔንሲልቬኒያንና የሜሪላንድን የወሰን ክርክር ለመዳኘት የቻሉት በዚሁ ነው፤ መሬቱ አሜሪካ ቢሆንም ተከራካሪዎቹ እንግሊዝ ነበሩ። ግትር ሰው ሲገጥም ግን ፈርም የተባለው ባለዕዳ እስር ቤት ያረጃል፣ የተፈረደለት ባለመብትም ያለ ሰነድ ይቀራል። ማንንም የማይጠቅም ፍርድ!

መላው የመጣው በ1830 ነው። በኋላ ሎርድ ቻንስለር የሆኑት ኤድዋርድ ሰግደን ባስወጡትና በስማቸው በሚጠራው ሕግ፣ ታስሮም እንቢ ባለው ሰው ስም “ማስተር” የተባለው የፍርድ ቤቱ ሹም እንዲፈርም ተፈቀደ። የ1884ቱ ሕግ ደግሞ እስሩን ከመንገድ አነሳው፤ ፍርድ ቤቱ የሰየመው ሰው ከፈረመ፣ ባለዕዳው ራሱ እንደፈረመ ተቆጠረ።

ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው የ1908ቱ የሕንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ባለመብቱ የሰነዱን ረቂቅ አዘጋጅቶ ለፍርድ ቤት ያቀርባል፤ ረቂቁ ለባለዕዳው ይደርሰዋል፤ ተቃውሞ ካለው ይሰማል፤ ዳኛው ካጸደቀው በኋላ ነው ፊርማው የሚያርፈው። ሹሙም የባለዕዳውን ፊርማ አያስመስልም። “እኔ እገሌ፣ የእገሌ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ስለ እገሌ፣ እገሌ በከሰሰው ጉዳይ” ብሎ ማንነቱንና የፈረመበትን ክርክር በግልጽ ይጽፋል። ፊርማውን ከሐሰተኛ ሰነድ የሚለየው ይህ ግልጽነት ነው።

የእኛም የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሕንዱ ብዙ ወስዷል። ከእሱ በፊት የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲሆን ስላዘዘ፣ የሹም ፊርማ ለአገራችን ባለቤትና ገዢ እንግዳ አይደለም።

ሆኖም ሹሙ በሌላ ሰው ስም የመፈረም ሥልጣን የሚያገኘው ከወንበሩ ሳይሆን ከዳኛው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ አንድ ክፍል ቤት ካለ፣ ግቢውን ጨምሮ መፈረም አይችልም። እንግዲህ በፍርድ ቤት ሹም የተፈረመ ሰነድ እጃችሁ ከገባ፣ በማኅተሙ ብቻ አትርኩ፤ የትእዛዙን ግልባጭ ጠይቁና ከሰነዱ ጋር አስተያዩት።